ቅሪት

ሁለት መስመር ወጣ።

መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ትንሿን የእርግዝና መመርመሪያ አፍጥጬ አያታለሁ። ደብዘዝ ያለ ነገር አይደለም። ጥርት ያሉ ሁለት መስመሮች ናቸው። መንታ ልጆቼን ካጣሁ 5ኛ ሳምንቴ ነበር። ሰውነቴ ግን መርዶውን ገና አልሰማም።

መርምሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ማቅለሽለሹ አልለቀቀኝም፣ ጡቴ ይከብደኛል፣ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ከበፊቱ የተረፈ አንድ መመርመሪያ ነበር። እንዲሁ እጄ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣልኝን ሐሳብ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «ምናልባት አንዱ ቀርቶ ይሆን?» አልኩ። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሁለቱንም በእጄ ይዣቸዋለሁ። ግን አልኩ።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። የከበደኝ ሐዘኑን መጻፍ አይደለም። ሐዘን ወግ አለው፤ ሰው ይሰማሻል፣ አብሮሽ ያለቅሳል። የከበደኝ ደሙን፣ ሽታውን፣ ሞዴሱን መጻፍ ነው። እነዚህ ወግ የላቸውም።

መንታ መሆናቸውን ያወቅነው በ8ኛው ሳምንት ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች፣ በየክቡ ውስጥ የምትርገበገብ ነጥብ። የየራሳቸው ከረጢትና የየራሳቸው እንግዴ ልጅ እንዳላቸው ዶክተሯ ነገረችን። ደስ ብሏት ነበር። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች ከሆኑ የአንዱ ደም ወደ ሌላው ሊያጋድል ይችላል፣ ክትትሉም ጠበቅ ይላል። «የእኛዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ ደባሎች አይደሉም» አለ ባለቤቴ። ስንስቅ ወጣን።

በ15ኛው ሳምንት ለተለመደው ክትትል ሄድን። የአንደኛው ልብ ቆሟል። የሌላው ይመታል።

እንግዴ ልጅ ስለማይጋሩ የቀረው የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው ተባልን። «የሞተውስ?» አልኩ። እዚያው ይቆያል። ብዙ ጊዜ ሰውነት አያስወጣውም። ውሃው ይደርቃል፣ ፅንሱ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ወንድሙ ወይም እህቱ በሰላም ሲወለዱ እንደ ወረቀት ጠፍጥፎ ይገኛል። ሐኪሞች የሰጡት የላቲን ስም እንኳ ከወረቀት የመጣ ነው። ዶክተሯ ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ሌላኛው እንዳይሰማ ይመስል።

ለ2 ሳምንት አንዱን በሕይወት፣ አንዱን በሞት ተሸክሜ ዞርኩ። በ17ኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ሲነጋ ሁለቱም ወጥተው ነበር። ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንግዴ ልጁ ላይ ግን ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የአንደኛው ሙሉውን ወጣ። ቀድሞ የሞተው ልጅ እንግዴ ልጅ ግን እየተቆራረጠ ነው የመጣው። ያዋለደኝ ሐኪም ቁርጥራጩን ሳህን ላይ ዘርግቶ ለማገጣጠም ሲሞክር አይቼዋለሁ። ከዚያ በአልትራሳውንድ አየኝና «ሁሉም ወጥቷል፣ አይዞሽ፣ አልቋል» አለኝ። በምርመራው አልወቅሰውም። ጊዜው ባልደረሰ እርግዝና እንግዴ ልጅ ተሰባብሮ መውጣቱ ያለ ነው። በዚያው ሰዓት በሚታይ አልትራሳውንድ ደግሞ የረጋ ደምንና የቀረ አካልን መለየት ያስቸግራል። የምወቅሰው አንድ ቃሉን ነው። «አልቋል» አለኝ። «ያለቀ ይመስለኛል፤ ግን እንዲህና እንዲህ ካየሽ ተመለሽ» ለማለት 10 ሰከንድ ይበቃው ነበር።

እንግዴ ልጅ። ቃሉን እስኪ ደጋግማችሁ በሉት። ውስጡ እንግዳ አለ። ልጁን ተከትሎ ሊሄድ የመጣ፣ የማይሰነብት እንግዳ። የእኔው ግን የቤቱ ባለቤቶች ከሄዱ በኋላ ቀረ።

ቤት ገባሁ። እናቴ አብራኝ ሰነበተች። ነገርን በዝምታ ማሳለፍ የምታውቅ ሴት ናት። «ሆድ ይፍጀው ልጄ» ትለኝ ነበር። ሆዴ ግን አልፈጀውም።

በ3ኛው ቀን ወተት መጣ። ይህንንም ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ከ16ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ፅንስ ያጣች ሴት ወተት ሊመጣባት ይችላል። እንግዴ ልጁ ከቦታው ሲለቅ ሆርሞኖች ይወርዳሉ፣ ጡትም ልጅ የተወለደ ይመስለዋል። ሌሊት ሸሚዜ ረጥቦ ነቃሁ። እናቴ ምንም ሳትል ሌላ ሸሚዝ አመጣችልኝ።

ደሙ በመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ በ2ኛው ቀነሰ። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። የእኔው ሳሳ፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄደ፣ ከዚያ በ3ኛው ሳምንት ተመልሶ ቀላ። አንድ ቀን ይቆማል፣ በማግስቱ የረጋ ደም ይወርዳል። ወገቤን ይቆርጠኛል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ከደረቴ ሊዘል ይደርሳል። ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ እደርባለሁ። ምግብ አያሰኘኝም። ሰው ሲያናግረኝ መጀመሪያውን ሰምቼ መጨረሻው ይጠፋኛል።

ይህን ሁሉ ምን ብዬ ተረጎምኩት? ሐዘን።

አጠገቤ የነበሩትም እንደዚያው። ድካሙ ሐዘን ነው። አለመብላቷ ሐዘን ነው። የገረጣችው ስላለቀሰች ነው። «እስክትጽናኚ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ልጅ ያጣች ሴት ቶሎ ደህና ብትሆን ነበር የሚያስደነግጠው። በሽታዬ ሐዘን ለብሶ መሃላችን ቁጭ አለ፣ ማንም ማን ነህ አላለውም።

ባለቤቴ ብቻ ሁለት ጊዜ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብሎኛል። ሁለቴም እምቢ አልኩት። ምክንያቱን ያኔ አልነገርኩትም። ደሙ እንዲቆም አልፈልግም ነበር። እሱ ሲቆም እነሱም ያበቃሉ የሚል ነገር ውስጤ ገብቷል። ከአንዲት የአልትራሳውንድ ወረቀት በቀር የቀረኝ ነገር አልነበረም። ስም አላወጣንም። ሞዴስ በቀየርኩ ቁጥር «እስካሁን እዚህ ናቸው» እል ነበር። ዕብደት ይመስላል። ይምሰል።

ሽታውን ደግሞ ደበቅሁት። በ4ኛው ሳምንት የሚወርደው ነገር መጥፎ ጠረን አመጣ። በቀን 3 ጊዜ ገላዬን እታጠባለሁ፣ ሽቶ እረጫለሁ፣ ባለቤቴ አጠገቤ ሲቀመጥ ተነስቼ እሄዳለሁ። እሱ ተቀይሜው መሰለው። እኔ ደግሞ የሸሸኝ እሱ መሰለኝ። መጥፎ ጠረን የንጽህና ጉድለት ሳይሆን የኢንፌክሽን ምልክት መሆኑን ብናውቅ፣ እኔ ማፈሬን ትቼ እፈራ ነበር። መፍራቱ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሁለቱ መስመሮች ልመለስ። የእርግዝና መመርመሪያ ልጅ መኖሩን አያውቅም። የሚያውቀው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው፤ ይህን የሚያመርተው ደግሞ እንግዴ ልጁ ነው። ፅንስ ከጠፋ በኋላ ሆርሞኑ ከሰውነት እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት መስመር ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም። ብዙ ሐኪሞች «ከ3 ሳምንት በኋላ መርምሪ» የሚሉት ለዚህ ነው። ያኔም ሁለት ከሆነ ተመልሶ መታየት ይገባል። የቀረ አካል ይኖር ይሆናል፣ አዲስ እርግዝና ሊሆን ይችላል፣ አልፎ አልፎም የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ያለ ቅጥ የሚያድጉበት ሌላ በሽታ አለ። የኔዎቹ ሁለት መስመሮች የሚሉት «ልጅ አለ» አልነበረም። «እንግዳው አልሄደም» ነው የሚሉት።

እኔ ግን መመርመሪያውን በጨርቅ ጠቅልዬ ለ2 ቀን ትራሴ ሥር አቆየሁት።

በ2ኛው ሌሊት የቀሰቀሰኝ ሙቀት ነው። ከሥሬ ሞቅ ያለ ነገር። መብራት አበራሁ። ተነስቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ዓይኔ ጨለመ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3 ሞዴስ ሞላሁ። መለኪያውን በኋላ ተማርኩት፦ በሰዓት 2 ሞዴስ እየሞላ ለ2 ሰዓት ከቀጠለ፣ ማንንም ሳያማክሩ ድንገተኛ ክፍል። ራስ ካዞረ ወይም ዓይን ከጨለመ ደግሞ ሰዓት መቁጠሩም ይቅር። እናቴ እግሬን ከፍ አድርጋ ይዛ «እኔን! እኔን!» ትላለች። ያቺ ሆድ ይፍጀው ባይ ስትጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።

ትኩሳቴ 38.9 ሆኖ ተገኘ። ሄሞግሎቢኔ፣ የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር፣ 7.4 ነበር፤ ለሴት ደህና የሚባለው ከ12 ጀምሮ ነው። ተረኛዋ ዶክተር አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ አስኬደች፣ ቆም አለች፣ ቁልፍ ነካች፣ ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ አለ።

«ቅሪት አለ» አለች።

ምናለ ሌላ ቃል ብትጠቀም። ቅሪት ማለት የተረፈ ነገር ነው፣ አዎ። ግን የድሮ ሴቶች ገና የጀመረ እርግዝናንም ቅሪት ይሉታል። አያቴ ስለ አንዲት ሴት «ቅሪት ናት» ስትል ትዝ ይለኛል፤ አረገዘች ማለቷ ነው። የወር አበባ ከመቅረቱ የመጣ ይመስለኛል። አንዱ ቃል የሚጀምረውንም የተረፈውንም ይይዛል። እኔ ደግሞ በትኩሳት እየነደድኩ ነው። ቅሪት አለ ስትለኝ፣ ለአፍታ፣ የአያቴን ቅሪት ነው የሰማሁት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«የእንግዴ ልጁ ክፍል ነው። ከማህፀንሽ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ይሄ ቀለም የደም ዝውውር ነው፤ አሁንም ከአንቺ ደም እያገኘ ነው።»

5 ሳምንት ሙሉ ስመግበው ከርሜያለሁ ማለት ነው። ማህፀን ደሙን የሚያቆመው ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን ጨምድዶ ነው። ውስጡ ባዕድ ነገር ካለ በደንብ መኮማተር አይችልም፣ ሥሮቹ ክፍት ሆነው ያፈስሳሉ። ያ የቀረ አካል ደግሞ ለባክቴሪያ የተነጠፈ አልጋ ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ ሕይወት ያስከፍላል።

ሦስት መንገድ አለ አለችኝ። አንዱ ሰውነት በራሱ እንዲያስወጣው መጠበቅ። ሌላው ማህፀኑን የሚያኮማትር ኪኒን መውሰድ፤ ሚሶፕሮስቶል ይባላል። ሦስተኛው በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት። ደሙ መጠነኛ፣ ትኩሳት የሌላት ሴት ከሦስቱ መምረጥ ትችላለች። እኔ ግን የመምረጫዬን ጊዜ በሸሚዝና በሽቶ ጨርሼዋለሁ። በደም ሥሬ ፀረ ባክቴሪያ ገባ፣ 2 ከረጢት ደም ተሰጠኝ፣ ከዚያ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል።

በር ላይ ስንደርስ «ዶክተር፣ ትንሽ ይቆይ?» አልኳት።

ሕመሙን የፈራሁ መሰላት። «አይሰማሽም፣ ማደንዘዣ አለ» አለችኝ። ማስረዳት አልቻልኩም። የመጨረሻው የእነሱ ነገር ነው፤ ይሸታል፣ ሊገድለኝ ነው፣ ግን የእነሱ ነው። «እሺ» አልኩ።

ከ3 ቀን በኋላ ራበኝ።

እዚህ ጋ ረጋ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። ራበኝ ብቻ አይደለም። ጠዋት ስነቃ መስኮቱ ላይ ብርሃን እንዳለ አየሁ። ባለቤቴ አንድ ቀልድ ነገር ተናገረና ሳቅሁ። የሰው ወሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማኝ ጀመር። ያ ጥቁር ነገር፣ ዕድሜ ልኬን ይዤው የምኖረው የመሰለኝ፣ ግማሹ በቃ የደም ማነስና ኢንፌክሽን ነበር። ግማሹ ሐዘኔ በከረጢት ደምና በመርፌ ሄደ። ይህ ያስደስታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔን አሳፈረኝ። ለልጆቼ ያለቀስኩት ለቅሶ ላይ ስንቱ የእነሱ እንደነበር፣ ስንቱ የትኩሳቱ እንደነበር መለየት አቃተኝ። እነሱን ያጭበረበርኳቸው መሰለኝ።

የቀረው ግማሽ ደግሞ አልሄደም። አሁንም አለ። ግን አሁን ቢያንስ እውነተኛው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

የብረት ኪኒኑን ለወራት ወሰድኩ። የወር አበባዬ ተመለሰ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ትንሽ ይመጣል፣ በመሃል ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል። በ7ኛው ወር ሆዴ ባር ባር አለኝና ተመለስኩ። ያነበብኩትም አስፈርቶኝ ነበር። ማህፀን ደጋግሞ ሲጠረግ ወይም ሲቆስል ግድግዳው እርስ በርሱ ሊጣበቅ ይችላል። ጆሴፍ አሸርማን የሚባል ሐኪም በ1948 በዝርዝር ስለጻፈበት አሸርማን ሲንድረም ይባላል። የወር አበባን ያሳንሳል፣ ወይም ጭራሽ ያጠፋል፣ ማርገዝንም ያስቸግራል። ያቺ ዶክተር በመፋቂያ ብረት ፋንታ በቱቦ፣ ያውም በአልትራሳውንድ እያየች ያወጣችው ይህን ፈርታ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

በአዲሱ አልትራሳውንድ ላይ የታየው ግን ሌላ ነው። ማህፀኔ መሃል አንዲት ነጭ፣ የምታበራ ሰረዝ።

«ሉፕ አስገብተሻል?» አለኝ ሐኪሙ።

«ኧረ የለኝም።»

ዝም አለ። ከዚያ «መንታዎቹን ስታጪ ስንት ሳምንት ነበር?» ሲለኝ አንድ ነገር እንደገባው አወቅሁ። የፅንስ አጥንት መጠንከር የሚጀምረው በ3ኛው ወር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ፅንስ ሲጠፋ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ የአጥንት ስባሪ ማህፀን ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለስላሳው አካል ይሟሟል፣ አጥንት ግን አይሟሟም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀመጣል። ደም ያንጠባጥባል፣ አንዳንዷን ደግሞ ልክ እንደ ሉፕ ሆኖ እርግዝና ይከለክላታል። እናቱ ራሷ ሳታውቅ።

በሂስቴሮስኮፒ ወጣ። ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር በኩል ይገባል፣ ሐኪሙ እያየ ይለቅማል። በስክሪኑ ላይ አብሬ ማየት እችል ነበር፣ አየሁም። ሮዝ ግድግዳ፣ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ መጣበቅ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ነጭ ነገሮች። ትልቁ 9 ሚሊሜትር። ሐኪሙ በጥንቃቄ ነበር የሚይዛቸው። ለዚያ አመሰግነዋለሁ።

«የየትኛው ነው?» አልኩት።

ጥያቄውን ወዲያው ተረዳው። «በማየት አይታወቅም። ቀድሞ የሞተው ሳይሆን አይቀርም፤ ቆይቶ ስለነበር አካሉ ሟሽሿል» አለኝ። የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ነገር የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ውጤት ከ10 ቀን በኋላ መጣ። «የፅንስ አጥንት» ይላል። የማን እንደሆነ አይልም። እኔ ግን የመጀመሪያው ነው ብዬ ወስኛለሁ። ዝም ብሎ የሄደው፣ ማንም ልቡ ሲቆም ያልሰማው። ቢያንስ እሱ ሳልሰናበተው አልሄደም።

በዚያው ሰሞን ለአንዲት እህታችን አንድ ጥያቄ ልመልስላት ሞከርኩ። እሷም አጥታለች፣ 3 ሳምንት ሆኗታል። «ደሙ አልቆመም፣ ደክሞኛል፣ ሐዘን ነው አይደል?» አለችኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኳት፤ «ግን መጀመሪያ ትኩሳትሽን ለኪ።» 38 ከደረሰ፣ የሚወርደው ከሸተተ፣ ቀንሶ የነበረው ደም ተመልሶ ከቀላ፣ ልብሽ ዝም ብሎ ከሮጠ፣ ሐዘኑን ይዘሽው ሂጂ። እዚያ ደርሶ ምንም የለም መባል ነውር የለውም። ሄደች። ምንም አልነበረባትም። ደውላ «አስቸገርኩሽ» አለችኝ፣ ሳቅን።

ባለፈው ወር ለመጨረሻው ክትትል ሄድኩ። ፎርም የምትሞላዋ ሲስተር ቀና ሳትል ትጠይቃለች።

«ስንት ጊዜ አርግዘሻል?»

«አንድ።»

«የወለድሽው?»

«የለም።»

«ውርጃ?»

ያቺ ቃል ሁልጊዜ ትወጋኛለች። በሕክምና ቋንቋ በራሱ የወጣውም ያስወጡትም ውርጃ ነው። «አንድ» አልኩ። ጻፈች። አንድ እርግዝና፣ አንድ ውርጃ። በሕክምናው አቆጣጠር ትክክል ነው፤ መንታም ቢሆን እርግዝናው የሚቆጠረው አንድ ተብሎ ነው።

«መንታ ነበሩ» አልኳት።

ቀና አለች። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ቦታ የለውም» አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳችና፣ ከአንድ ቁጥሩ ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል «መንታ» ብላ ጻፈችው።